ጉልበት ከመጨመርህ በፊት የእጅ ፍሬንህን አሳየኝ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ናቸው። «ጋሼ፣ ፕራዶዬ ዳገት ላይ ይደክማል። ቦክስ በስንት ትገጥምልኛለህ?» ቦክስ የሚሏት በነዳጅ ግፊት ሴንሰሩና በመኪናው ኮምፒውተር መሃል የምትሰካ፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ዕቃ ናት። አሁን አሁን ደግሞ ላፕቶፕ ይዘው ሰፈር ድረስ እየመጡ «ሪማፕ» የሚያደርጉ ልጆች አሉ። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መኪናው ሲነሳ ወንበር ላይ ይለጥፍሃል፣ ባለቤቱ ፈገግ ይላል፣ ይከፍላል፣ በቃ።

እኔ አልገጥምም። እንደማልገጥም ስናገር «ፈሪ»፣ «የካርቡሬተር ዘመን ሰው» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ግን እኮ እኔም ገጥሜ አውቃለሁ። ለምን እንዳቆምኩ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ይሄን ልላክ።

መጀመሪያ ስለ ሞተሩ እንስማማ። ባለ 3 ሊትሩ ዲ-ፎር-ዲ ሞተር በደህና ጊዜው ከፋብሪካው ልክ በላይ ጉልበት ማውጣት ይችላል። ልጆቹ ይሄን ሲሉ አልዋሹም። ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ሞተሩ ይችላል ወይ ብሎ ነው፤ ሞተሩ ያወጣው ኃይል ጎማ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚጠይቅ የለም። ቶርክ ኮንቨርተር አለ፣ ካምቢዮ አለ፣ ትራንስፈር አለ፣ ትራንስፈሩ ውስጥ የመሃል ዲፈረንሺያል አለ። ከዛ የፊትና የኋላ ፕሮፔለር ከነክሮቼራቸው፣ ሁለት ዲፈረንሺያል፣ ወደ አራቱ ጎማ የሚሄዱ አራት አክስሎች፣ የፊቶቹ ላይ ደግሞ ሲቪ ጆይንት። ከነዚህ ውስጥ ቦክስ መገጠሩን የሰማ አንድም የለም።

ቁጥሩን እንየው። አውቶማቲኩን ፕራዶ 120 እንውሰድ። ሞተሩ በፋብሪካ ልኩ እስከ 410 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጣል። አንደኛ ማርሽ ይሄን 3.5 ጊዜ ገደማ ያበዛዋል። ዲፈረንሺያሉ ደግሞ 3.9 ጊዜ ገደማ። ስታባዛው ጎማዎቹ ጋ የሚደርሰው በድምሩ ወደ 5,600 ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሚጨምረውን አልቆጠርኩም፤ እሱ ብቻውን እጥፍ አካባቢ ሊያደርሰው ይችላል። ሎው ካስገባህ ደግሞ ሌላ 2.5 ጊዜ ገደማ ይበዛል፤ 14,000 አካባቢ ደረስን ማለት ነው። እንግዲህ ቦክሷ ሞተሩ ላይ 90 ኒውተን ሜትር ብቻ ጨመረች እንበል። «90 ምን አላት?» ትላለህ። አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው ጋ ስትደርስ ከ1,200 በላይ ሆናለች።

ታዲያ ያ 14,000 የፋብሪካውን አክስል ለምን አይበጥሰውም? ጎማ ስለሚንሸራተት ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ደረቅ መሬት ላይ አራቱም ጎማ ተደምሮ ቆንጥጦ መያዝ የሚችለው እኔ እንዳሰላሁት ከ7,000 ኒውተን ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዛ በላይ ሲመጣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ብረቱ ይተርፋል። ጎማ ማለት ለካምቢዮና ለአክስል ፊውዝ ማለት ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም ቆይቼ ነው የገባኝ።

የፎር ዊል መኪና ነገር የሚለየው እዚህ ጋ ነው። በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ መኪና የሚገፋው ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ባረፈበት ጎማ ስለሆነ ቶሎ ይሽከረከራል፤ ጎማ ይበላል እንጂ ካምቢዮውን ያተርፋል። ሁልጊዜ በአራቱም የሚገፋው ግን ማምለጫው ጠባብ ነው። አራቱም ስለያዙ ፊውዙ እጥፍ ወፍሯል፤ ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ጎማው እስኪለቅ ድረስ እጥፉን ይሸከማሉ። ሰዎች ፎር ዊል ስለሆነ ጠንካራ ነው ይላሉ። መሬት ላይ ጠንካራ ነው። ለራሱ ብረት ግን ጨካኝ ነው።

ይሄ ሁሉ ደግሞ ረጋ ተብሎ ሲነዳ ነው። የኛ ኮረኮንች ላይ አንዱ የፊት ጎማ አየር ላይ ይቀራል፣ ነጂው ነዳጅ እንደረገጠ ነው፣ ጎማው በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ከዛ ደረቅ ድንጋይ ላይ ያርፍና ባንዴ ይይዛል። ያቺ ቅጽበት ላይ የሚመታው ኃይል ከላይ ካሰላነው ጋር አይገናኝም፤ የሚሽከረከረው ጎማና ቸርኬ፣ ፕሮፔለሩ፣ የካምቢዮው ውስጥ ሁሉ ባንዴ ቁም ሲባል የያዘውን ፍጥነት አክስሉ ላይ ያራግፋል። መኪናው በስፔሰር ከፍ ከተደረገ ደግሞ ሲቪው ተጣሞ ነው የሚሠራው፤ ሲቪ በተጣመመ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ ከተጨመረበት ደግሞ መሬቱ አክስሉን የሚጠመዝዝበት ክንድ ይረዝማል። የኛ ሰው ደግሞ ሦስቱን ባንድ ላይ ነው የሚያደርገው፤ ያነሳዋል፣ ጎማ ያሳድጋል፣ ቦክስ ይገጥማል።

«የቶዮታ ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ስለው ኖሬአለሁ። መሐንዲሶቹ ከልኩ በላይ ትርፍ ጥንካሬ መተዋቸው እውነት ነው። ግን ያ ትርፍ ባለቤት አለው። የተተወው ለጉድጓዱ ነው፣ ከልክ በላይ ለሚጫነው ጭነት ነው፣ ዘይት ሳይቀየር ለሚያልፈው ዓመት ነው፣ ላስቲኩ ተቀዶ አሸዋ ለገባበት ሲቪ ነው። የኛ ፕራዶዎች ብዙዎቹ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አንዳንዶቹ እዚህ ከመግባታቸው በፊት ሌላ አገር ኖረዋል። ያ ትርፍ ተበልቷል። አንተ ዛሬ ቦክስ የምትገጥመው 2005 ላይ ከፋብሪካ ለወጣው መኪና አይደለም። በሃያ ዓመት ውስጥ ለደከመው ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር። ዲፈረንሺያል ውስጥ ያለው ባለ ሮለር ኩሽኔታ ላይ ጭነቱን በ25 በመቶ ብትጨምር የሚጠበቀው ዕድሜው በ25 በመቶ አይቀንስም። ከግማሽ በታች ይወርዳል። የኩሽኔታ አምራቾች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ስሌት ነው። ስለዚህ «ገጥሜ ስድስት ወር ነዳሁ፣ ምንም አልሆነም» ማስረጃ አይደለም። ዕድሜውን እየበላህ ነው፤ የሚበላው ነገር ደግሞ ድምፅ የለውም። ዲፈረንሺያሉ መዝፈን ሲጀምር ነገሩ አልቋል።

አሁን ወደ ካምቢዮው። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚይዙት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ዲስኮች ናቸው። በስንት ግፊት ይጨመቁ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ የሚወስነውም ሞተሩ አሁን ስንት ቶርክ እያወጣ ነው ብሎ አስልቶ ነው። ቦክሷ ምን ታደርጋለች? ትዋሻለች። የነዳጁ ግፊት ከእውነተኛው ያነሰ ነው ብላ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፣ እሱም ግፊት ይጨምራል፣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ያገኛል። ኮምፒውተሩ ግን ሞተሩ እያወጣ ያለው 410 ነው ብሎ እንዳመነ ነው። ዲስኮቹን የሚጨምቀው ለ410 ነው፣ የሚመጣባቸው 500 ነው። ይንሸራተታሉ። ሲንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ቦክስ የተገጠመለት ካምቢዮ ከፍቼ ዘይቱን ሳሸተው የተቃጠለ እንጀራ ምጣድ ነው የመሰለኝ። ባለቤቱ «ፋብሪካው ነው ደካማ» አለኝ። ካምቢዮው ምን ያድርግ? የተነገረውን ነው ያመነው።

በሙያው ተምሮ ሪማፕ የሚሠራ ሰው ይሄን ያውቃል። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቶርኩን ይገድባል፣ የካምቢዮውንም ግፊት አብሮ ያስተካክላል፣ በየማርሹ ስንት ኒውተን ሜትር እንደለቀቀ በወረቀት ይሰጥሃል። እንዲህ ዓይነት ሰው ካገኘህ ጠብ የለኝም። ወረቀት ጠይቀው «ጎማው ይናገራል» ያለህን ግን ተወው።

እንግዲህ የራሴን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ቦክሱን የገጠምኩት እኔ ነኝ። እሱ ለመነኝ፣ እኔም ገንዘቡ አልጠላኝም። መኪናው ንጹሕ ነበር፣ ሞተሩ ጤነኛ። ያኔ ስፈትሸው የእጅ ፍሬኑ ገመድ መላላቱን አይቻለሁ። አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው እኮ የእጅ ፍሬን አይጠቀምም፤ ፒ ላይ ያደርገዋል፣ ይወርዳል። «ሌላ ቀን እናጠብቀዋለን» ብዬው አለፍኩ። ሌላው ቀን አልመጣም።

ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር እየወጣ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድሮ ቢሆን እዛ ቦታ ሎው አስገብቶ ቀስ ይል ነበር። አሁን ግን ጉልበት ስላለው ምን ሎው ያስፈልገዋል፤ በሃይ ነዳጅ ረግጦ ወጣ። ግራ የፊት ጎማ ተነሳ፣ ተሽከረከረ፣ ድንጋይ ላይ አረፈ። «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ አለኝ። ከዛ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ፒ አስገባ። ምን እንደተሰበረ ሊያይ ወረደ። ባለቤቱ ጋቢና ናት፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ።

መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ፒ ላይ ሆኖ።

ይሄን ክፍል እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት፤ ሹፌሮች ሳይቀሩ የማያውቁት ነገር ነው። ፒ ጎማን አይዝም። ፒ የሚይዘው የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ ነው። ከዛ በኋላ ጎማው ድረስ ያለው ሰንሰለት ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው መኪናው የሚቆመው። ሁልጊዜ በአራቱም የሚገፋ መኪና ላይ ደግሞ በካምቢዮውና በጎማዎቹ መሃል ሦስት ዲፈረንሺያል አለ። አንድ የፊት አክስል ሲበጠስ የፊት ዲፈረንሺያሉ የተበጠሰውን ጎን ዝም ብሎ ያሽከረክራል፤ ፊቱ እንደዛ ነፃ ሲሆን የመሃሉም ይለቃል። የፕራዶው የመሃል ዲፈረንሺያል ቶርሰን ስለሆነ ትንሽ ይታገላል፣ ዳገት ላይ ግን አይበቃም። ስለዚህ የተሰበረው አንድ የፊት አክስል ነው፣ መሄድ ያቆሙት ግን አራቱም ጎማዎች ናቸው፣ ፒም አብሮ ጠፋ። የቀረው የእግር ፍሬንና የእጅ ፍሬን ነው። የእግር ፍሬኑ ላይ ሰው የለም። የእጅ ፍሬኑን እኔ «ሌላ ቀን» ብዬዋለሁ።

ስድስት ሰባት ሜትር ሄደ። የኋላ ጎማው ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጨና ቆመ። ከድንጋዩ በኋላ ምን እንዳለ አልጽፈውም። ማንም አልተጎዳም።

ያን ዕለት ስልክ ደውሎልኝ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምን ላድርግ?» አለኝ። የመሃል ዲፈረንሺያል መቆለፊያውን ተጫን አልኩት። ሲቆለፍ የፊቱ ቢሰበርም የኋላው ይገፋል፣ ፒም መልሶ ይይዛል። ደግነቱ ሞተሩ ሠራለት። ብዙ መኪና ላይ ያ መቆለፊያ ለዓመታት ሳይነካ ስለሚቀመጥ ይደርቃል፣ ብትጫነው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይቆለፍም። ሄዶ ሄዶ በኋላ ጎማ ደብረ ብርሃን ገባ። ቦክሷን ነቅዬ ገንዘቡን መለስኩለት፣ አክስሉን በራሴ ወጪ ቀየርኩ። አሁንም ደንበኛዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም።

«የዱባይ ሰዎችስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል። የባሕረ ሰላጤው ፓትሮሎች ባለ 4.8 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተራቸው ላይ ቱርቦ ገጥመው የሊዋን ታል ሞሪብ፣ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋውን የአሸዋ ተራራ፣ ሲወጡት ቪዲዮው ያስደስታል። እኔም አያለሁ። ግን ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ አሸዋ ይንሸራተታል፤ ጎማው ሁልጊዜ ይሽከረከራል፣ ፊውዙ ሁልጊዜ ይሠራል። የኛ ኮብልስቶንና ቋጥኝ እንዲህ አይምርህም። ሁለተኛ፣ እነዛ ሰዎች ሞተሩን ብቻ አልነኩም። ካምቢዮ፣ አክስል፣ ዲፈረንሺያል፣ ሁሉንም አብረው ቀይረዋል፤ ተሰበረ ማለት ደግሞ በፒክአፕ ተጭኖ ጋራዥ ይገባል። አንተ ቪዲዮው ላይ የምታየው ሞተሩን ነው። ሒሳቡ ያለው ከሥር ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ልጆቹ ቦክሷን ሲያስተካክሉ መለኪያ የላቸውም፤ ቦሌ መንገድ ወጥተው «ይሄ ጥሩ ነው» እስኪሉ ይጨምራሉ። የተጨመረው ነዳጅ እዚህ አየር ስለሚያንሰው ግማሹ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ያው መኪና ቅዳሜ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ 1,000 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ ሌላ። ጭስ የነበረው ቶርክ ይሆናል። የካምቢዮው ዘይት በጋለበት ሰዓት ከአዲስ አበባው የባሰ ይመጣበታል።

እና «ይደክማል» የሚለው ራሱ። አብዛኛው የሚመጣልኝ ፕራዶ ጉልበት አጥቶ እንጂ አንሶት አይደለም። የአየር ፊልትሩ አፈር ነው፣ የኢንተርኩለሩ ጎማ ተሰንጥቆ ይተነፍሳል፣ ኢጂአሩ በጥላሸት ተደፍኗል፣ ኢንጀክተሩ አልቋል፣ ወይ አንዱ ፍሬን ይዞ ይጎትታል። በዚህ ላይ ቦክስ መግጠም ማለት ለታመመ ሰው ጫት መስጠት ነው። መጀመሪያ ያንን የጠፋውን 410 ፈልገህ አምጣው። ካመጣኸው በኋላ ደክሞኛል የሚል ፕራዶ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ባለቤቱ ካልሆነ በቀር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ይሄ መኪና ሲሞት የሚተካው ያው ዓይነት መኪና የለም። ሱማሌ ተራ ሄደህ የምትገዛው ካምቢዮም ከሌላ ከሞተ ፕራዶ የወጣ ነው፤ ምን እንደተገጠመለት ማን ያውቃል? ያለንን አሮጌ ብረት እየተከፋፈልን ነው የምንኖረው። ለኔ ቦክስ የሚገጥም ሰው የራሱን መኪና ብቻ አይደለም የሚበላው።

ስለዚህ የኔ ዋጋ ዝርዝር ይሄ ነው፤ ቦክስ የሚፈልግ መጀመሪያ እነዚህን አሠርቶ ይምጣ። አራቱም ጎማ አንድ ልክና ተመሳሳይ ጥርስ፤ ሁለት አዲስ ሁለት አሮጌ የሚባል ነገር ሁልጊዜ በአራቱም ለሚገፋ መኪና መርዝ ነው። የካምቢዮ፣ የትራንስፈርና የሁለቱም ዲፈረንሺያል ዘይት። የሲቪ ላስቲክ። የመሃል መቆለፊያው የሚሠራ፣ በወር አንዴ አሸዋ ወይ ጠጠር ላይ የሚነካ። ሎው ማስገባት የማያፍር ነጂ። እና ዳገት ላይ፣ ካምቢዮው ኤን ላይ ሆኖ፣ መኪናውን ብቻውን የሚይዝ የእጅ ፍሬን። ይሄን ሁሉ ያሠራ ሰው ተመልሶ ቦክስ ሲጠይቀኝ ገና አላየሁም።

ይሄን እየጻፍኩ ከጠያቂዎቼ አንዱ መልስ ላከልኝ። «ጋሼ፣ እንዳልከኝ ሞከርኩት። እስከ ላይ ይሳባል፣ አይዝም።» ሰኞ ጠዋት አምጣው አልኩት። እስከዛው ዳገት ላይ ስታቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ።